ከፖም ቅርፊት እስከ አብሽ፦ ዕፅዋትና የስኳር ሕመምተኛ ልብ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለስኳር ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፋርማሲ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ። ታካሚው ክኒኑን ይቀበላል፣ አወሳሰዱን ይሰማል። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ "ለስኳር የሚሆን ቅጠል የለም ወይ?" ይላል። አንዳንዱማ መልስ አይጠብቅም። ግራዋውን ጀምሮታል፣ ሺፈራውን እየቀቀለ ነው፣ ጥቁር አዝሙዱን በማር እያላመጠ ነው።

ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። አያቶቻችን ሐኪም ቤት ሳያዩ የኖሩት በዕፅዋት ነው። ዛሬም ገበያ ብትወጡ አብሹም፣ ጤናዳሙም፣ ዳማከሴውም አለ። ስልካችሁን ስትከፍቱ ደግሞ "አንቲኦክሲዳንት" እያለ የሚጮህ ማስታወቂያ ይመጣባችኋል። ልብን ያድሳል፣ ስኳርን ያጠፋል ይላል። እኔ ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው። ዕፅዋት ለስኳር ሕመምተኛ ልብ ትልቅ ውለታ ውለዋል። መንገዱ ግን ማስታወቂያው የሚለው አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ልብ ላንሳ። ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን ይፈራል፣ ኩላሊቱን ይፈራል፣ እግሩ እንዳይቆረጥ ይፈራል። ልቡን ግን ይረሳል። ብዙ ሰው የልብ ሕመም ሲባል የደም ሥር መዘጋት ብቻ ይመስለዋል። በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) አሜሪካ ውስጥ ሩብለርና ባልደረቦቻቸው አራት የስኳር ሕሙማንን አስከሬን መርምረው ነበር። ሰዎቹ በልብ ድካም፣ ማለትም ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም ማዳረስ ሲያቅተው በሚመጣው ሕመም፣ የተሠቃዩ ናቸው። የልባቸው ደም ሥሮች ግን አልተዘጉም። ጡንቻው ራሱ ነው የታመመው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ፍራሚንግሃም በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ለረጅም ዓመታት ሲካሄድ የቆየው ጥናት ቁጥሩን አወጣ። ስኳር ያለባቸው ወንዶች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከእጥፍ በላይ ነው። የሴቶቹ አምስት እጥፍ ነው። እናቶች፣ ይቺን አምስት እጥፍ ያዙልኝ።

ጡንቻው ለምን ይታመማል?

ልባችን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ጉልበት የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። የልብ ጡንቻ ሕዋስ አንድ ሦስተኛው በእነሱ የተሞላ ነው። እንደ ምድጃ አስቧቸው። ስኳርና ስቡ ማገዶ ነው። ምድጃ ካለ ደግሞ ጭስ አለ። ጭሱ ፍሪ ራዲካል የሚባለው ነው፤ ከኦክስጅን የሚፈጠር፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለበልብ ሞለኪውል። ጤነኛ ሕዋስ ይህን ጭስ የሚያስወግድበት የራሱ መላ አለው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝና ካታሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉት፣ ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገርም አለው። እነዚህን ከፋርማሲ አይገዛም። ራሱ ነው የሚሠራቸው።

ስኳር ሲመጣ ማገዶው ከልክ ያልፋል። ደሙ ስኳርም ስብም ሞልቶታል። ኢንሱሊን በደንብ ስለማይሠራ ልብ ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ይበልጥ ወደ ስብ ያዘነብላል። ስብ ደግሞ ለተመሳሳይ ጉልበት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ጭሱ ከማስወገጃው አቅም በላይ ሲሆን ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ተፈጠረ እንላለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳት ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው። ልብ ከመታ በኋላ ዘና የሚለው ካልሲየም ወደ ማከማቻው ሲመለስ ነው። ካልሲየሙን የሚመልሰው ፓምፕ ይጎዳል። ስኳሩ ራሱ ኮላጅን ከሚባለው ማያያዣ ጋር እየተጣበቀ ጡንቻውን ያደርቀዋል። ደም ሥርን የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድም በዚያው ጭስ ይጠፋል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ልብ መጀመሪያ የሚያቅተው መግፋት አይደለም፣ ዘና ብሎ ደም መቀበል ነው። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ያለከልካል። "እርጅና ነው" ይላል። ቤተሰቡም ይስማማል። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

በ2001 ማይክል ብራውንሊ የተባሉ ተመራማሪ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ሰበሰቡት። ስኳር በዓይን፣ በኩላሊት፣ በደም ሥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በተለያየ መንገድ ይሂድ እንጂ መነሻው ከሚቶኮንድሪያ የሚወጣው ጭስ ነው አሉ። ሐሳቡ ብዙ ሰው አስደሰተ። ጭስ ከሆነ ችግሩ፣ ጭሱን የሚያጠፋ ነገር እንስጥ፣ አለቀ! እዚህ ላይ ነው ትልቁ ትምህርት ያለው።

ጭሱን ያጠፋል የሚባለው ነገር አንቲኦክሲዳንት ይባላል፤ ቫይታሚን ኢ ከታወቁት አንዱ ነው። በአትክልት ዘይትና በለውዝ ውስጥ አለ። በ2000 ውጤቱ የታተመ ሆፕ የተባለ ትልቅ ጥናት ነበር። ከ9,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም ወይ የልብና የደም ሥር ሕመም አለባቸው፣ ወይ ስኳር ከሌላ አጋላጭ ነገር ጋር አለባቸው። እኩሌታው በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ወሰደ። አራት ዓመት ተኩል ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ ምንም ሆነ። ድንገተኛ የልብ ሕመምም (ሃርት አታክ)፣ ሞትም አልቀነሰም። ክትትሉ ቀጥሎ በ2005 ሲወጣ ጭራሽ ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ላይ የልብ ድካም በዝቶ ተገኘ።

ለምን? አንደኛ፣ የዋጥነው ቫይታሚን ጭሱ በሚነሳበት ቦታና ሰዓት በበቂ መጠን አይገኝም። ሁለተኛ፣ ትንሽ ጭስ ለሕዋሱ ይጠቅመዋል። ማንቂያው ነው። በ2009 በጀርመን ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ስፖርት ሠሩ። እኩሌታው ቫይታሚን ሲና ኢ እየዋጠ፣ እኩሌታው ሳይውጥ። ያልዋጡት ኢንሱሊናቸው በደንብ መሥራት ጀመረ። የዋጡት የስፖርቱን ጥቅም አጡት። ስፖርት ራሱ ትንሽ ጭስ ያስነሳል፤ ሕዋሱም ያንን አይቶ መከላከያውን ያጠናክራል። እና እናንተ በባሕር ዳር ሜዳማ መንገድ ብስክሌት የምትነዱ ሰዎች፣ ከየትኛውም የታሸገ እንክብል የበለጠ አንቲኦክሲዳንት በራሳችሁ ሰውነት እያመረታችሁ ነው። ባጃጁን አልፎ አልፎ ተዉት።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር። ይሄኛው ከዕፅዋት የመጣ ነው። በወይራ ቅጠል ውስጥ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ወይራን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም። ሳይንቲስቶች ይህን ንጥረ ነገር ይዘው በላብራቶሪ አሻሻሉትና ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት ሠሩ። ሥራው ኤንአርኤፍ ሁለት የሚባለውን የሕዋሱን የመከላከያ ቁልፍ መክፈት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ጭሱን ከውጭ ከማጽዳት ይልቅ ሕዋሱ ራሱ እንዲያጸዳ ማድረግ። ከ2,000 በላይ በሆኑ፣ ስኳርና ከባድ የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ። ጥናቱ ሳያልቅ በ2012 ቆመ። መድኃኒቱን በወሰዱት ሰዎች ላይ የልብ ድካም ስለበዛ ነው። የታሰበለት አካል ኩላሊት ነበር፤ የተጎዳው ልብ ሆነ።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። "ከዕፅዋት ነው፣ ምን ይጎዳል?" የሚለው አነጋገር በጣም ያሳስበኛል። ልብን የሚነካ ንጥረ ነገር ልብን ሊረዳም ሊጎዳም ይችላል። ከተክል መምጣቱ ይህን አይቀይረውም።

አሁን ወደ ተሳካው ታሪክ ልምጣ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄንን ነው።

በ1835 አውሮፓ ውስጥ ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ቅርፊት አንድ መራራ ነገር አወጡ። ፍሎሪዚን ይባላል። መራራ ስለሆነ ብቻ ለትኩሳትና ለወባ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። እኛም ዘንድ መራራ ቅጠል ሁሉ ለወባ ሲባል ሰምታችኋል፤ ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። በ1886 ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ፍሎሪዚን የወሰደ ሰው ወይም እንስሳ ሽንቱ ውስጥ ስኳር እንደሚወጣ አዩ። በጊዜው ጉዳዩ ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ ያሰበ የለም። እንዲያውም ስኳር በሽታ የሚያመጣ ነው የመሰላቸው።

ነገሩ የገባን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ኩላሊታችን በቀን 180 ግራም ያህል ስኳር ከደም ያጣራል፣ ከዚያ ሁሉንም ማለት ይቻላል መልሶ ይወስደዋል። ከሚመለሰው ውስጥ 90 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ አንድ በር አለ። ኤስጂኤልቲ ሁለት ይባላል። ፍሎሪዚን ይህን በር ይዘጋል። ስኳሩ በሽንት ይወጣል።

የፖም ቅርፊት ቀቅለን ብንጠጣስ ታዲያ? አይሠራም። ፍሎሪዚን አንጀት ውስጥ ይፈርሳል። የቀረውም ሌላ፣ አንጀት ውስጥ ያለ በር አብሮ ስለሚዘጋ ተቅማጥ ያመጣል። ኬሚስቶቹ ቅርጹን ይዘው፣ የማይፈርስና የኩላሊቱን በር ለይቶ የሚዘጋ አድርገው አሻሻሉት። ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን የሚባሉት መድኃኒቶች በዚህ መንገድ መጡ።

በ2015 የኤምፓግሊፍሎዚን ጥናት ውጤት ወጣ። ከ7,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ሁሉም ዓይነት ሁለት ስኳርና የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ናቸው። በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት 38 ከመቶ ቀነሰ። በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት 35 ከመቶ ቀነሰ። ይህን ያህል የጠበቀ አልነበረም። በ2019 ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን ስኳር የሌለባቸውን የልብ ድካም ሕሙማን ጭምር እንደሚረዳ ታየ። በእንስሳት ጥናት ልብ ውስጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ግን ጭሱን እየተከተለ አያጠፋም። ማገዶውን ይቀንሳል፣ ጨውና ውሃውን ያቃልላል፣ የልብን ሸክም ያወርዳል።

ሜትፎርሚንም ዘሩ ከዚያው ነው። ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የምትባል የአውሮፓ ተክል አለች። ጋሌጂን የሚባል ንጥረ ነገር አላት፤ ስኳር ይቀንሳል፣ ግን መርዛማ ነው። ከብት በልቷት ይሞታል። ከእሷ ንጥረ ነገር ጋር ዝምድና ያለው፣ ለሰው የሚመች ሜትፎርሚን በ1922 በላብራቶሪ ተሠራ። ዣን ስተርን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 ለስኳር ሕመምተኞች መስጠታቸውን አሳተሙ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ከረጢታችሁ ውስጥ ያለው ነጭ ክኒን እሱ ነው። ጉበት ከልክ በላይ ስኳር እንዳይለቅ ይይዘዋል። እሱም ማገዶ መቀነስ ነው። "ክኒኑን ትቼ ወደ ተክል ልመለስ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ክኒኑም ከተክል ነው የተነሳው እለዋለሁ። መርዙ ተለይቶለት፣ መጠኑ ተለክቶለት።

ወደ ጓዳችን እንግባ። ስለ ግራዋ፣ ስለ ሺፈራው፣ ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ስለ እርድ የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው። አብዛኛው ግን በአይጥ ላይ ነው። ስትሬፕቶዞቶሲን በሚባል ኬሚካል ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የአይጧን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፉና ስኳር ያስይዟታል። ከዚያ የቅጠሉን ጭማቂ አወፍረው ይሰጧታል። ልቧ ሲታይ ጭሱ ቀንሷል፣ ጡንቻው ተሽሏል። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን አይጧ ወጣት ናት፣ የታመመችው በሳምንታት ነው፣ የወሰደችውም በአልኮል ተነጥሮ የተለካ ነው። የእኛ አባት ግን የ65 ዓመት ሰው ናቸው፣ ደም ግፊትም አለባቸው፣ ሌላ ሦስት መድኃኒት ይወስዳሉ። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። አይጥ ላይ የታየው ሁሉ ሰው ላይ ይደገማል ማለት አይቻልም።

ከእኛዎቹ መካከል እኔ ተስፋ የማደርገው በአብሽ ነው። ምክንያት አለኝ። አብሽ ውስጥ ጋላክቶማናን የሚባል የሚያሟልጭ አሠር (ፋይበር) አለ። ስትዘፈዝፉት የሚያብጠውና የሚያዝረከርከው እሱ ነው። ሆድ ውስጥም እንደዚያው ያብጣል። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ፣ ስኳሩም በአንድ ጊዜ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገያል። እንግዲህ ይሄም ማገዶ መቀነስ ነው! በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። ትናንሽ ናቸው፣ ጥራታቸውም እኩል አይደለም። ሲደመሩ ግን አብሽ ጠዋት ምግብ ሳይበላ የሚለካውን ስኳር በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። መጠኑ በቀን ከአምስት ግራም ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ በሽሮ ውስጥ ከምናገኛት ቁንጥር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልቆጣ። እናቶቻችን አብሹን ዘፍዝፈው፣ መራራውን ውሃ ደፍተው፣ ነጭ እስኪሆን መትተው የሚያዘጋጁት ድንቅ ነገር ነው። እኛ ግን በላዩ ስኳር ወይም ማር አፍስሰን ለስኳር ሕመምተኛ እንሰጣለን! ያንን አትስጧቸው። ያለ ጣፋጭ ይጠጡት። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ስኳራቸው ከልክ በላይ እንዳይወርድ እየለኩ ይጀምሩ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አብሽ በብዛት አይጀምር።

ቡና እንዲሁ። ዜጌ ጫካ ውስጥ የሚበቅለው ቡናችን ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ቡና የሚጠጡ ሰዎች በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ በብዙ ጥናት ታይቷል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ስኒ ግን ሌላ ነገር ነው። ጤናዳም ለሽታ አንድ ቅጠል ጣል ማድረግ ችግር የለውም። ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት ግን መርዝነት አለው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር።

የጾም ምግባችንንም አልረሳውም። ምስር፣ ሽሮ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት። አሠር የሞላበት ማዕድ ነው። እንጀራው ካልበዛና ዘይቱ ካልተጋነነ ለስኳር ሕመምተኛ ልብ ይስማማል። ሰዓቱ ነው የሚያስቸግረው። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ግሊቤንክላማይዱን ጠዋት ከዋጠ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

እኛስ ምን እናድርግ? በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። "ባህላዊ ነው" ብለው አላለፉትም፣ "ተአምር ነው" ብለውም አልሸጡትም። ወደ ላብራቶሪ ወሰዱት፣ ለኩት፣ ደጋግመው ሞከሩት። ለአብሽና ለግራዋም እንዲህ ያለ ሰው እፈልጋለሁ። እዚህ አገር፣ በእኛ ሕሙማን ላይ፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ እየታየ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ ሌላ መቶ አይጥ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልጨምር።

አንድ አባት "ግራዋ ጀምሬ ስኳሬ ስለወረደ ክኒኑን አቁሜያለሁ፤ ምን ይመጣብኛል?" አሉኝ። አባቴ፣ ስኳርዎ የወረደው ክኒኑ ገና ከሰውነትዎ ስላልጠፋ፣ ወይም ምግብ ስለቀነሱ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጠዋት ልኬት አይፈረድም። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠሩ። ነገ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፣ ማቆምዎንም ሳይደብቁ ይንገሩ።

አንድ ወጣት በፕላስቲክ ጠርሙስና በእሽግ ስለሚሸጡት "የስኳር መድኃኒቶች" ጠየቀ። በተለያዩ አገሮች እንዲህ ያሉ ምርቶች ሲመረመሩ ግሊቤንክላማይድ ተደብቆ ተቀላቅሎባቸው ተገኝቷል። የሚያሽለው ቅጠሉ ሳይሆን ክኒኑ ነበር፣ ያውም መጠኑ ያልታወቀ። ስኳር ወርዶ ኮማ ውስጥ የገቡ ሰዎች አሉ። አትግዙ።

በመጨረሻ አንዲት እናት ስለ ባለቤታቸው ጠየቁኝ። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል፣ ሲተኙ ሁለት ትራስ ይፈልጋሉ፣ ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። እናቴ፣ ይህ የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሚቀጥለው ቀጠሮ አይቆይም። በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው። ደም ግፊት፣ የሦስት ወሩ ስኳር፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ እንዲታይላቸው ይጠይቁ። የፖም ቅርፊቱ ልጅ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ይስማማቸው እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ። የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ በከረጢት ይያዙ። የሚጠጡትን ቅጠልም አንድ እፍኝ አብረው ይክተቱበት፣ ሐኪሙ በዓይኑ እንዲያየው።